መኪናችሁ ሐዲድ ላይ ቢቆም፦ ከባቡር ግጭት መትረፊያና ከጉዳት በኋላ ማድረግ ያለባችሁ

ጓደኛዬን ባቡር የመታው የመኪናውን የኋላ ጎን ብቻ ነው። ታክሲ ሲሠራ አምሽቶ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። ከፊቱ ያለው መኪና ድንገት ቆመ። እሱም ቆመ፤ የኋላ ጎማው ግን ሐዲዱ ላይ ቀርቷል። መኪናው እንደ እንዝርት ዞሮ መንገድ ዳር አረፈ። ፖሊሱ ደርሶ «ደህና ነህ?» ሲለው፣ እንደማንኛችንም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ። ፖሊሱም ያንኑ ጻፈ። አምቡላንስ ሲመጣም «ይቅርብኝ» ብሎ መለሰው።

በማግስቱ ጠዋት ቡና እየጠጣ ሳለ ግራ ትከሻውን አመመው። ትከሻው ግን አልተመታም ነበር። እየደማ የነበረው ጣፊያው ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ «ጥቂት ሰዓት ብትቆይ ኖሮ...» ብሎ ቀሪውን አልተናገረም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በመሪ ነው። ታክሲ፣ ራይድ፣ ዴሊቨሪ፣ ትልልቅ ትራክ እንነዳለን። ሜትሮው ከመኪና መንገድ ጋር አይገናኝም፤ ወይ ከመሬት በታች ነው፣ ወይ በድልድይ፣ ወይ በአጥር ተለይቶ ነው የሚሄደው። የሚያሰጋው የጭነት ባቡርና የመንገደኞቹ ባቡሮች አምትራክ፣ ማርክና ቪአርኢ የሚሄዱባቸው ሐዲዶች ናቸው። ሮክቪል በኩል ራንዶልፍ ሮድን የሚመላለስ ሰው የምለውን ማቋረጫ፣ መንገዱ ሐዲዱን የሚሻገርበትን ቦታ፣ ያውቀዋል። የማናሳስን መሃል ከተማ የሚያውቅም እንዲሁ። በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል የሚያልፈው የፐርፕል ላይን ባቡር ሥራ ሲጀምር ደግሞ አንዳንድ ቦታ ከመኪና ጋር አንድ መንገድ ይጋራል። በመላው አሜሪካ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ የባቡርና የመኪና ግጭቶች በማቋረጫ ላይ ይደርሳሉ።

ከመሻገራችሁ በፊት

መጀመሪያ ሐዲዱን ሳይሆን ከሐዲዱ ወዲያ ያለውን እዩ። መኪናችሁን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ክፍት ቦታ አለ? ከሌለ ከመስመሩ ወዲህ ቁሙ። ከኋላ ያለው ሰውዬ ክላክስ ያድርግ፤ ይልመድበት። ጓደኛዬ ያጠፋው ይህችኑ ነው። ከፊት ያለው መኪና ይንቀሳቀሳል ብሎ ተከተለ።

ስትቆሙ ከቅርቡ ሐዲድ ቢያንስ 15 ጫማ፣ ማለትም 4 ሜትር ተኩል ገደማ ራቁ። ባቡሩ ከሐዲዱ ሰፋ ያለ ነው። በሁለቱም ጎን ቢያንስ 3 ጫማ ይወጣል። «ሐዲዱን አልነካሁም» ማለት አያድንም።

የባቡሩን ፍጥነት በዓይናችሁ አትገምቱ። ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲመጣ ቀስ ያለ ይመስላል። አውሮፕላን ሲያርፍ ያየ ሰው ይገባዋል፤ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል እንጂ የሚበርር አይመስልም። የጭነት ባቡር በሰዓት 55 ማይል እየሄደ ፍሬን ቢይዝ፣ እስኪቆም አንድ ማይል ወይም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። የባቡሩ ሹፌር እናንተን ያየ ጊዜ ነገሩ አብቅቷል። መሪ ኖሮት ዞር አይልላችሁ።

ቀዩ መብራት መብረቅረቅ ከጀመረ ባቡሩ እስኪደርስ ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 20 ሰከንድ ነው። ሃያ ሰከንድ ለመሻገር ብዙ ይመስላል። መኪና ተሰክቶባችሁ ልጅ ከኋላ ወንበር ለማውረድ ግን ምንም አይደለም። የባቡሩ ጡሩምባ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ነው። አንዳንድ ሰፈሮች ነዋሪው እንዳይረበሽ ጡሩምባው የቀረባቸው ናቸው፤ ስለዚህ በጆሮ ብቻ አትተማመኑ። አንድ ባቡር ካለፈ በኋላም ወዲያው አትንቀሳቀሱ። ሁለት ወይም ሦስት ሐዲድ ባለበት፣ የመጀመሪያው ባቡር ሁለተኛውን ይጋርዳል።

መብራትም መዝጊያም የሌላቸው ማቋረጫዎች አሉ፤ ነጭ የመስቀል ምልክት ብቻ ነው ያላቸው። ሰኔ 2022 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሜንደን፣ ሚዙሪ ውስጥ አምትራክ ከገልባጭ መኪና ጋር የተጋጨው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አራት ሰው ሞተ፤ በጣም ብዙ ሰው ተጎዳ። እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ ቁሙ፣ መስኮት ዝቅ አድርጉ፣ ሬዲዮውን ዝጉ፣ ግራና ቀኝ እዩ።

አሁን ስለ ስልክ። ይህን በደንብ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ግንቦት 28 ቀን 2013 ባልቲሞር አጠገብ ሮዝዴል ውስጥ የቆሻሻ መኪና ሐዲድ ሲሻገር የጭነት ባቡር መታው። ሹፌሩ ክፉኛ ቆሰለ። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር፣ ሹፌሩ ስልክ እያወራ እንደነበር አረጋገጠ። በእጁ አልያዘውም ነበር። ሕጉን አክብሮ፣ ያለ እጅ ነበር የሚያወራው። እኛስ? ከመኪና ስንገባ ጆሯችን ላይ የምንሰካው ነገር እስክንወርድ አይወጣም። አንዱ ከቴክሳስ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከሲያትል ሆኖ ስንጨዋወት መንገዱ ያጥራል። ማቋረጫ ስትደርሱ ግን «አንዴ ቆየኝ» በሉት። ሐዲዱን ተሻግራችሁ ቀጥሉ። ወዳጃችሁ አይቀየምም።

መኪናው ሐዲድ ላይ ከቆመ

ሞተሩ ጠፋ። ወይም ጎማው ተቀረቀረ። ወይም ጂፒኤሱ «ታጠፍ» ሲላችሁ መንገድ መስሏችሁ ሐዲዱ ላይ ታጠፋችሁ። ከዚህ በታች ያለውን በዚሁ ቅደም ተከተል አድርጉ።

1. ሁሉም ሰው ይውረድ። ባቡር ባይታይም፣ መብራቱ ባይበራም ይውረድ። ሞተሩን ደጋግማችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ። ቦርሳ፣ ፓስፖርት፣ የቀኑ ገቢ፣ የተገዛው እቃ ይቅር። ልጅ ካለ ቀበቶውን ፈትታችሁ ልጁን ብቻ ይዛችሁ ውጡ፤ ከነመቀመጫው ለማውጣት አትታገሉ። እናት ወይም አባት ከኋላ ካሉና እግራቸው ከደከመ፣ መጀመሪያ የሚወርዱት እሳቸው ናቸው።

2. ከሐዲዱ ራቁ፤ አቅጣጫውንም አስተውሉ። ባቡር እየመጣ ከሆነ፣ ከሐዲዱ እየራቃችሁ ግን ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በሰያፍ ሩጡ። ሰው በደመ ነፍስ የሚሮጠው ከባቡሩ ሸሽቶ ነው፤ ስህተቱም እሱ ነው። ባቡሩ መኪናውን ሲመታ ብረቱና መስታወቱ የሚበተነው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። በዚያ አቅጣጫ የሮጠ ሰው የገዛ መኪናው ስብርባሪ ይደርስበታል።

3. ሰማያዊውን ታፔላ ፈልጉ። በእያንዳንዱ ማቋረጫ ላይ፣ በምሰሶው ወይም በመብራቱ ግንድ ወይም በአጠገቡ ባለው ሳጥን ላይ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ታፔላ አለ። ሁለት ነገር ተጽፎበታል፦ የባቡር ኩባንያው የአደጋ ስልክ ቁጥርና የማቋረጫው መለያ፣ ስድስት አኃዝና አንድ ፊደል። መጀመሪያ የሚደወለው እዚያ ነው። የሚያነሳው ሰው በዚያ መስመር የሚመጡትን ባቡሮች በሬዲዮ ማስቆም ይችላል። 911 ብትደውሉ እነሱም መልሰው ወደ ባቡሩ ኩባንያ መደወላቸው አይቀርም፤ ደቂቃዎች ይባክናሉ። ታፔላውን ካጣችሁት ግን 911 ደውሉ፤ የመንገዱን ስም ንገሯቸው።

4. ሲያነሱት ረጅም ታሪክ አትጀምሩ። «ካር ኦን ዘ ትራክስ» በሉ፤ ቀጥላችሁ የማቋረጫውን ቁጥር በዝግታ አንብቡ። ከዚያ በኋላ 911።

5. ወደ መኪናው አትመለሱ። «ባቡሮቹ ቆመዋል» ብለው እስኪነግሯችሁ ድረስ ቶው ትራክም አይጠጋ፤ ገፍቶ የሚያወጣ መንገደኛም አይሰባሰብ። ደግ ሕዝብ ነን፤ መኪና ሲገፋ ያየ ሁሉ እጁን ያበድራል። እዚህ ቦታ ግን አስቁሟቸው።

ታፔላውን በአደጋ ሰዓት መፈለግ ከባድ ነው። በየቀኑ የምትሻገሩት ማቋረጫ ካለ አንድ ቀን መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና ታፔላውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

መዝጊያው ቢወርድባችሁ

ቀይና ነጩ ዘንግ ወርዶ ከሐዲዱ ጋር መሃል ከያዛችሁ፣ ሰብራችሁት ውጡ። አዎ፣ ስበሩት። በመኪና ሲገፋ እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ ነው። «የመንግሥት ንብረት ሰበርኩ» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ሐዲድ ላይ ይቀራል።

የካቲት 3 ቀን 2015 ኒው ዮርክ፣ ቫልሃላ በሚባል ቦታ አንዲት ሴት መኪናዋ ማቋረጫ ላይ እያለ ዘንጉ ከኋላዋ ወረደባት። ወርዳ የመኪናዋን ጀርባ አየች፤ ተመልሳ ገባች፤ ወደ ፊት ነዳች። ባቡሩ መታት። እሷና በባቡሩ ውስጥ የነበሩ አምስት ሰዎች ሞቱ። እሷ ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን የማነሳው። ጨለማ ነበር፤ ማንም ሰው ይደናገጣል። ግን ዘንጉ እንደሚሰበር ቀድሞ የተነገረው ሰው አይወርድም፤ ይሰብረዋል።

በተቃራኒው፣ ወርዶ የቆመን ዘንግ ዞራችሁ ለመሻገር አትሞክሩ። ጥር 31 ቀን 2018 ቨርጂኒያ፣ ክሮዜት ውስጥ ዘንጎቹ ወርደው ሳለ የገባ የቆሻሻ መኪና የኮንግረስ አባላትን ከጫነ አምትራክ ጋር ተጋጭቶ፣ ከጭነት መኪናው ሰዎች አንዱ ሞቷል።

ግጭቱ ከደረሰ፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ለመርዳት ከመሮጣችሁ በፊት ቆም ብላችሁ እዩ። በሌላኛው ሐዲድ ባቡር እየመጣ ይሆን? የወደቀ ሽቦ አለ? ጭስ አለ? የጭነት ባቡር ምን እንደጫነ አታውቁም። ሮዝዴል ላይ ከግጭቱ ደቂቃዎች በኋላ ከባቡሩ ጭነት ፍንዳታ ተነሥቷል። ቆመው የሚያዩትን፣ በተለይ ስልክ አውጥተው የሚቀርጹትን አርቋቸው።

911 ስትደውሉ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉ። አስተርጓሚ መስመር ላይ ያስገባሉ። እስከዚያ ስልኩን አትዝጉ።

ተጎጂውን ጎትቶ ማውጣት የመጀመሪያው ስሜታችን ነው። እሳት፣ ሌላ ባቡር ወይም ፍንዳታ ካላሰጋ ግን ከነበረበት አታንቀሳቅሱት። ባቡር መኪናን የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ ነው። አንገት ወደ ጎን ይወረወራል፤ የጎን አጥንት፣ ዳሌ፣ ጣፊያና ጉበት ይመታሉ። የተሰነጠቀ የአከርካሪ አጥንት በደግ ሰው እጅ ሲጎተት ሰውን ሽባ ያደርጋል። ከኋላው ወይም ከጎኑ ሁናችሁ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ያዙት፤ ልክ እንዳለ። «አትዞር፤ እዚሁ ነኝ» በሉት። በስሙ ጥሩት። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ይረዳል።

ደም የሚፈስ ከሆነ ነጠላም ሆነ ሹራብ በተገኘው ጨርቅ በኃይል ተጫኑት። ለማየት ብላችሁ አትግለጡት፤ ከራሰ በላዩ ጨምሩበት። ከእጅ ወይም ከእግር እየተንፎለፎለ ከሆነና ተጭናችሁ ካልቆመ፣ ከቁስሉ በላይ 5 ሴንቲሜትር ያህል፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። የታሰረበትን ሰዓት ያዙ። ሐኪም እስኪያየው አትፍቱት። የተሰካ ብረት ወይም መስታወት ካለ አትንቀሉት።

መተንፈስ ካቆመ መዳፋችሁን ደረቱ መሃል ላይ አድርጋችሁ ተጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት። የ911 ሰው በስልክ ይቆጥርላችኋል።

ውሃ አትስጡ። አውቃለሁ፣ አደጋ ባለበት ሁሉ «ውሃ! ውሃ አምጡ!» የሚል ሰው አይጠፋም። በርኅራኄ ነው። ግን ውስጡ የሚደማ ሰው ወዲያው ኦፕራሲዮን ሊገባ ይችላል፤ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ከንፈሩ ከደረቀ በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ ይበቃል። ብርድ ከሆነ ኮት አልብሱት፤ ደም የፈሰሰው ሰው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።

«ደህና ነኝ» አትበሉ

ፖሊሱ ሲጠይቃችሁ በባህላችን ያለን መልስ አንድ ነው። ቤት ተቃጥሎም «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» እንላለን። ምስጋናው በልባችሁ ይሁን። ለፖሊሱና ለአምቡላንሱ ሠራተኛ ግን እንዲህ በሉ፦ «ገና አላወቅኩም፤ መመርመር እፈልጋለሁ።» ሲደነግጥ ሰውነት ሕመሙን ይደብቃል። ጓደኛዬ አልዋሸም፤ በእርግጥ ምንም አልተሰማውም ነበር።

«ይቅርታ»ንም ተጠንቀቁ። እኛ የሌላ ሰው እግር ድንጋይ ቢመታውም ይቅርታ እንላለን። እዚህ አገር «ሶሪ» ጥፋትን እንደማመን ሊወሰድ ይችላል። ይህ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ከታች ወረቀቱ ጋ ስደርስ ታያላችሁ።

ሆስፒታል ስትደርሱ

ኢንሹራንስ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙንም ሆነ የመኖሪያ ወረቀቱን ምክንያት ሳያደርግ መመርመርና ማረጋጋት ግዴታው ነው። ቢሉ በኋላ ይመጣል፤ ለቢሉ መፍትሔ አለው። ማኅበራዊ ሠራተኛ እንዲያነጋግራችሁ ጠይቁ። የሆስፒታሉን የእርዳታ ፎርምም እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

አስተርጓሚም በነፃ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን የውስጥ ደም መፍሰስ መተርጎም የለበትም፤ ቃሉንም አያውቀውም።

ለሐኪሙ ሳትጠየቁ የምትናገሩት፦ «ባቡር ነው የመታኝ»፣ በየትኛው ጎን እንደመታችሁ፣ ቀበቶ አድርጋችሁ እንደነበር፣ ራሳችሁን ስታችሁ እንደነበር፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ትንሽ ቢመታም ሊደማ ይችላል። እርጉዝ ሴት ምንም ባያማትም መታየት አለባት። በግጭት ጊዜ እንግዴ ልጁ ሊላቀቅ ይችላል፤ ይህም መጀመሪያ ላይ ላይታወቅ ይችላል።

ቀጣዮቹ ሦስት ቀናት

ወደ ቤት ከላኳችሁ ብቻችሁን አትደሩ። ጠያቂ መምጣቱ አይቀርም፤ ቤቱ ይሞላል፤ እንጀራና ወጥ ይመጣል። ከመጡት አንዱን «አንተ ዛሬ እዚህ ታድራለህ» በሉት። የቀረው ሰው ይሂድና እረፍት ይሰጣችሁ፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ጫጫታ ይጎዳዋል።

አብሮ የሚያድረው ሰው እነዚህን ያየ እንደሆነ 911 ይደውል፤ ነገን አይጠብቅ፦ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፤ ተደጋጋሚ ትውከት፤ ንግግር መቃወስ ወይም ለመቀስቀስ ማስቸገር፤ የአንድ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፤ የሆድ መወጠር፤ ያልተመታ ትከሻ መታመም፤ ሽንት ላይ ደም፤ እጅ ወይም እግር መደንዘዝ፤ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፤ የትንፋሽ ማጠር። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልናገር። ወጌሻ አያቶቻችንን አገልግሏል፤ አልንቀውም። ግን ባቡር የመታው ሰው አንገትና ወገብ ላይ ማንም እጁን አያሳርፍ፤ ሐኪም በምርመራ አይቶ ነፃ እስኪለው ድረስ። ማሸትም እንዲሁ። ጸበል የሚሄድ ሰው ጸበሉን ከሐኪሙ ቀጠሮ ጋር ያስኪድ፤ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ወረቀቱ

የአደጋው ጉዳይ በገንዘብም ሊጎዳችሁ ይችላል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ካሉት ጥቂት ጥብቅ ቦታዎች መካከል ናቸው። መኪና ስትነዱ በደረሰ አደጋ፣ ጥፋቱ 99 ከመቶ የሌላው ቢሆን እንኳ የእናንተ አንድ ከመቶ ጥፋት ከተረጋገጠ ካሣ ልታጡ ትችላላችሁ። ስለ «ሶሪ» ያስጠነቀቅኳችሁ ለዚህ ነው። ቨርጂኒያ ለባቡር ማቋረጫ ለየት ያለ ሕግ አላት፦ ባቡሩ ሕጉ ያዘዘውን ደወልና ጡሩምባ ሳይሰጥ ከመጣ የሹፌሩ ጥንቃቄ ማነስ ካሣውን ሊቀንሰው ይችላል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ «ጡሩምባ ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም?» የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። አጠገባችሁ የነበረ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ያዙ።

በቻላችሁ ጊዜ፣ ወይም ዘመድ ልካችሁ፣ እነዚህን ፎቶ አንሱ፦ መብራቱ ይሠራ እንደነበር፣ ዘንጉ የት እንዳለ፣ ዛፍ ወይም ቅጠል ዕይታን ከልሎ እንደሆነ፣ ሰማያዊው ታፔላ። የባቡሩ ፊት ላይ ብዙ ጊዜ ካሜራ አለ፤ ፍጥነቱንና ጡሩምባውን የሚመዘግብ መሣሪያም አለው። ቶሎ የሚጠፋው የሱቁና የነዳጅ ማደያው ካሜራ ነው። በማግስቱ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የባቡር ኩባንያ ሰው ቶሎ ሊደውልላችሁ ይችላል። ደግ ድምፅ ይኖረዋል። የባቡር ኩባንያዎች የራሳቸው ፖሊስም አላቸው። በትሕትና «ጠበቃዬ ያነጋግራችኋል» በሉ፤ የሚቀዳ ቃል አትስጡ፤ ትንሽ ቼክ ተቀብላችሁ አትፈርሙ። ከሆስፒታል ሳትወጡ ስልካችሁን አግኝቶ «ጠበቃ ላገናኝህ» የሚል ሰውም አትቀበሉ፤ አማርኛ ቢናገርም። የጉዳት ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ስትረቱ ነው፤ ድርሻውን በጽሑፍ እወቁ።

ቀኖቹን ቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉ። ክስ ለመመሥረት በቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት አላችሁ። የመንግሥት አካል ጥፋት አለበት ከተባለ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቂያ ያስፈልጋል፤ ዲሲ መንግሥትን ለመክሰስ ይህ 6 ወር ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የመኪና ኢንሹራንሳችሁ ውስጥ ፒአይፒ የሚባለውን በፊርማ ካልተዋችሁት፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን ቢያንስ 2,500 ዶላር ለሕክምናና ለቀረ ገቢ ይከፍላል። ዲሲ ውስጥ ፒአይፒ ያለው ሰው በእሱ ለመጠቀም የሚመርጠው በ60 ቀን ውስጥ ነው።

የልጅ መቀመጫው ግጭቱ ላይ መኪናው ውስጥ ከነበረ፣ ባዶም ቢሆን፣ ጣሉት። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። አዲሱን ኢንሹራንሱ እንዲከፍል ጠይቁ።

ትራክ ለምትነዱ

ሐዲድ ላይ የሚሠራ ጥፋት ሲዲኤላችሁን፣ ማለትም የንግድ መንጃ ፈቃዳችሁን፣ ይነካል። በመጀመሪያው ጥፋት ቢያንስ 60 ቀን ከመንዳት ያግዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲደገም 120 ቀን፤ ሦስተኛው አንድ ዓመት። ዝቅ ያለ ተጎታች ይዛችሁ ጉብ ያለ ማቋረጫ ስትደርሱ ወርዳችሁ ከፍታውን እዩ። መጋቢት 2017 ቢሎክሲ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ የመንገደኞች አውቶቡስ ሆዱ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ቀርቶ ባቡር መታው፤ አራት ሰው ሞተ። ዲስፓቸሩ «ቶሎ ድረስ» ቢላችሁም፣ ጠባብና ጉብ ያለ መንገድ ካያችሁ ዞራችሁ ሂዱ። ሐዲድ ላይ ማርሽ አትቀይሩ።

ወደ መሪው መመለስ

አካሉ ከዳነ በኋላም የሚቀር ነገር አለ። የባቡር ጡሩምባ ሲሰማ ላብ የሚያጠምቀው፣ ሌሊት የሚነቃ፣ ሐዲድ ያለበትን መንገድ ሃያ ደቂቃ ዞሮ የሚሄድ ሰው ታሟል እንጂ አልፈራም። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ለሐኪም ንገሩ፤ ሕክምና አለው። ወንዶቹ ይህን መናገር ይከብደናል።

ጓደኛዬ ስድስት ወር አልነዳም። መጀመሪያ ማቋረጫ ላይ የደረሰ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከመስመሩ ወዲህ ቆመ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ ሬዲዮውን ዘጋ፤ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ከኋላችን ክላክስ ተደረገ። ዞር ብሎም አላየ። ከሐዲዱ ወዲያ የነበሩት ሦስት መኪኖች ተራ በተራ ሄዱ፤ ቦታው ተከፈተ፤ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ደግሞ ግራ አየ። ከዚያ ተሻገረ።